ወለል የሌለው ጣሪያ፦ የደመወዝ ገደብና የተጫዋቾች ስምምነት በእግር ኳሳችን

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሐይቅ ከተማና የአምባሰሏ ውጫሌ ተከታትለው ይገኛሉ። በእነዚህ ከተሞች ኳስ የሚያንከባልል ወጣት የሚመኘው መሰላል ይታወቃል፦ ከሰፈር ቡድን ወደ ወረዳ፣ ከዚያ በከፍተኛ ሊግ ሲጫወቱ ወደ ቆዩት ደሴ ከተማና ኮምቦልቻ ከተማ፣ ቢሳካለት ደግሞ ወደ ፕሪምየር ሊግ። በጎረቤት ዞን ወልድያ ያንን ደረጃ ቀምሶ ወርዷል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ አላሙዲ ስታዲየምም ለአካባቢው ትልቅ ተስፋ ነበር። በመሰላሉ ላይ ያለ ተጫዋች ስንት ይከፈለዋል? ማን ይወስናል? ባይከፈለውስ ወዴት ይሄዳል? ይህ ዳሰሳ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡትን ደንቦች ይቃኛል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የአገራችን ክለቦች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በሕዝብ ገንዘብ ነው። ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማና ባሕር ዳር ከተማን የመሰሉት ከከተማ አስተዳደር ካዝና ይደጎማሉ። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮጵያ መድንና ኢትዮ ኤሌክትሪክ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ክለቦች ናቸው፤ መቻል የመከላከያ ሠራዊት ነው። ሰፊ የደጋፊ መሠረት ያላቸው ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና እንኳ ከስታዲየም መግቢያ በሚገኝ ገቢ ብቻ ዓመቱን አይዘልቁም።

የፕሪምየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ከተቋቋመ በኋላ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን መባቻ ላይ ከመልቲቾይስ ጋር የተፈራረመው የአምስት ዓመት የስርጭት ውል 22.5 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ሲገለጽ፣ ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀም ያለ የራሱ ገቢ አገኘ። የተጫዋቾች ክፍያ ግን ከዚህ ገቢ ጋር ተመዛዝኖ አያውቅም። ወጪውን የሚወስነው ክለቡ ያገኘው ሳይሆን የከተማው ምክር ቤት ወይም የድርጅቱ ቦርድ የፈቀደው በጀት ነው። በጀቱ ሲዘገይ ደመወዙም ይዘገያል።

ሁለት ጣሪያዎች

የመጀመሪያው ጣሪያ የመጣው በ2011 ዓ.ም. ክረምት ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦች ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ክለቦች እርስ በርስ እየተጫረቱ ከአቅማቸው በላይ ይከፍሉ ነበር። ውሳኔው ግን ተጫዋቹን በተደራዳሪነት አላስቀመጠም። በወቅቱ በነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ስሌት 50,000 ብር ግብሩ ሲነሳለት 34,000 ብር ይሆናል። ተፎካካሪ ክለብ የሚፈልገው ተጫዋች በዚያ ዋጋ አይገኝም ነበርና፣ በውሉ ላይ የሚጻፈውና በእጅ የሚሰጠው እየተለያየ መጣ። ጣሪያው አልጸናም።

ሁለተኛው በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ተግባራዊ ሆነ። አክሲዮን ማኅበሩ በዚህኛው ደንቡ የገደበው የግለሰቡን ደመወዝ ሳይሆን የቡድኑን ጠቅላላ የተጫዋቾች ወጪ ነው፤ መጠኑ በዓመት 57.5 ሚሊዮን ብር። ይህ ለ25 ተጫዋቾች እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ በወር 191,000 ብር ገደማ ይደርሳል። አካሄዱ ከመጀመሪያው የተሻለ ነው፤ ክለቡ ለኮከቡ ብዙ፣ ለጀማሪው ጥቂት ከፍሎ ራሱን የማመዛዘን ነፃነት ያገኛል። ደንቡን ጥሰዋል በተባሉ ክለቦችና ተጫዋቾች ላይ ቅጣት ሲተላለፍ ግን ክርክሩ ከሜዳ ወጥቶ ወደ ይግባኝ ሰሚና ወደ ፍርድ ቤት አመራ።

ሆኪ ያስተማረው

የደመወዝ ጣሪያን ከሥራ ስምምነት ጋር አጥብቆ ያሰረው የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ ነው። ጨዋታው ለወሎ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ ሩሩን በቆልማማ ዱላ የምንመታበት ገና በበረዶ ላይ ሲጫወቱት እንደማለት ነው። የተጫዋቾቹ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1967 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2004 መስከረም የክለብ ባለቤቶች ጣሪያ ካልተቀበላችሁ ብለው ሥራ ዘጉ። ተጫዋቾቹም አንቀበልም አሉ፤ የዓመቱ ውድድር ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ።

እ.ኤ.አ. በ2005 በተፈረመው የኅብረት ስምምነት ተጫዋቾቹ ብዙ ተዉ፤ የነባር ውሎች ክፍያ በ24 በመቶ ተቀነሰ፣ የቡድን ጣሪያም 39 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። በልዋጩ ያገኙትም ተጻፈላቸው። ማንም ቡድን ከ21.5 ሚሊዮን ዶላር በታች እንዳይከፍል ወለል ተበጀ። የአንድ ተጫዋች ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 450,000 ዶላር ሆነ። ከሁሉም በላይ የተጫዋቾች ድርሻ ከሊጉ ገቢ ጋር በመቶኛ ተያያዘ። ሌላ የሥራ መዝጋት ካለፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ድርሻው ግማሽ በግማሽ ሆነ። ሊጉ ሲያድግ ጣሪያውም አብሮ ያድጋልና እ.ኤ.አ. በ2025/26 የውድድር ዘመን 95.5 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ጣሪያው ሃያ ዓመት የጸናው የሚገደቡት ሰዎች ራሳቸው ስለፈረሙበት ነው።

የእኛ ሕግ ምን ይላል?

የሕግ መሣሪያው በእጃችን አለ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀትና ከአሠሪ ጋር የመደራደር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥር ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋምን ይፈቅዳል፤ የአንድ ክለብ ተጫዋቾች ከዚህ በላይ ናቸው። አዋጁ የኅብረት ስምምነት እንዴት እንደሚደረግም ዘርዝሯል። ዝቅተኛ ደመወዝን በተመለከተ ግን ያቆመው ከደጅ ነው፤ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢያመለክትም ለግሉ ዘርፍ የሚሠራ አገራዊ ዝቅተኛ ደመወዝ እስካሁን አልተተመነም። ይህ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛንም የኮምቦልቻ ከተማ ተጫዋችንም እኩል ይነካል።

በእግር ኳሱ በኩል የፊፋ የዝውውር ደንብ፣ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን እንዲያፈርስ መብት ይሰጠዋል። ፌዴሬሽኑም ባለዕዳ ክለቦችን አገልግሎት በመከልከል ያስገድዳል። መንገዱ ግን ረጅም ነው፤ እንደ ሐይቅ ካሉ ትናንሽ ከተሞች ለወጣ፣ የሚያማክረው ወኪልም ጠበቃም ለሌለው ወጣት ደግሞ የበለጠ ይረዝማል።

ለታችኛው ሊግ ማን ያስብ?

የአክሲዮን ማኅበሩ ሥልጣን በፕሪምየር ሊጉ ላይ ያበቃል። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉበት እርከን በፌዴሬሽኑ ሥር ነው፤ ችግሩም ሌላ ነው። እዚያ የሚያሳስበው ደመወዝ ሰማይ መንካቱ ሳይሆን መቋረጡ ነው። የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ሲሰረዝ የብዙ ተጫዋቾች ደመወዝ ተንጠልጥሎ ቀረ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ውጫሌን፣ ሐይቅን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ፈረሰ። ከዚህ በኋላ ለኳስ የሚመደብ እያንዳንዱ ብር ከመልሶ ግንባታ ጋር ይሻማል። ስለዚህ የወጪ ገደብ ለደቡብ ወሎ ከተሞች ቅንጦት አይደለም፤ ነዋሪው ገንዘቡ የት እንደዋለ የመጠየቅ መብት አለው። ተጫዋቹም የሠራበትን በወሩ የማግኘት መብት አለው። ሁለቱ መብቶች አይጋጩም፤ ሁለቱንም የሚያስከብር አንድ ሰነድ ነው የጠፋው።

ያ ሰነድ በተጫዋቾች ማኅበር፣ በክለቦችና በሊጉ መካከል የሚፈረም የኅብረት ስምምነት ነው። ጣሪያው ከሊጉ ገቢ ጋር ከፍና ዝቅ ይበል፤ ከሥሩ ለየሊጉ እርከን ዝቅተኛ ደመወዝ ይተመን። ክለቡ የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር የጥቂት ወራት ደመወዝ በዝግ ሒሳብ ያስቀምጥ። ክርክር ሲነሳም ሁለቱም ወገን የመረጧቸው ገላጋዮች በተወሰነ ቀን ይፍረዱ። ከእነዚህ መካከል ከሕጋችን ውጭ የሆነ የለም። ሦስተኛ ጣሪያ ከመታወጁ በፊት ተጫዋቾቹ ወደ ጠረጴዛው ይጠሩ፤ ያለ እነሱ ፊርማ የወጣው የ2011 ጣሪያ ምን እንደሆነ አይተናል።