ከጎብዬ እስከ ጅዳ ስንት ሰዓት ነው?

ከጎብዬ፣ ከሮቢትና ከቆቦ ብዙ ሰው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል። «ሩቅ ነው» እንላለን። ግን ምን ያህል ሩቅ ነው? እስቲ በቁጥር እንየው።

መጀመሪያ የመኪናውን መንገድ እንይ። በወልድያ፣ በደሴና በደብረ ብርሃን አድርጎ አዲስ አበባ ለመግባት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይኬዳል። ጎሕ ሲቀድ የተነሳ መኪና የሚገባው ሲመሽ ነው።

የአውሮፕላኑስ? ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጅዳ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመኪናው መንገድ ከእጥፍ በላይ ይርቃል። የሚፈጀው ግን 2 ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። አውሮፕላን ከፍ ካለ በኋላ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይበራል። ሲነሳና ሲያርፍ ግን ቀስ ይላል።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ጅዳ ያለችው ከእኛ በስተሰሜን ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅዳ በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብናሰምር፣ በጎረቤታችን በላሊበላ አጠገብ ያልፋል። መንገደኛው ቀኑን ሙሉ በመኪና ወደ ደቡብ የሄደውን፣ በአውሮፕላን ከ1 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይመለሰዋል።

ከርቀቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያሳስተው የትኬቱ ሰዓት ነው። ትኬት ላይ ቀኑም ሰዓቱም የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የፈረንጅ ቀን የሚጀምረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ እናስላ፦

14:00 ቢል፣ 6 ቀንሱ። ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።
22:00 ቢል፣ 6 ቀንሱ፤ 16 ይቀራል። ከ12 ስለሚበልጥ 12 ደግሞ ቀንሱ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው።
02:00 ቢል፣ ከ6 ስለሚያንስ 6 ደምሩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው።

አሁን ትኬቱ «ማክሰኞ 02:00» ይላል እንበል። ይህ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት አይደለም። ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ጠዋት መስሎት ቦሌ የሚደርስ ሰው 6 ሰዓት ዘግይቷል። አውሮፕላኑ ጅዳ ካረፈ ቆይቷል። በሬ ተሸጦ የተገዛ ትኬት በአንድ ቁጥር ምክንያት ይቃጠላል።

ከበረራው 3 ሰዓት ቀድሞ ቦሌ መገኘት ይገባል። ይህም ሰኞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። በዚያው በሰኞ ከጎብዬ ቢነሱ፣ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ጊዜው ያልቃል። እሁድ ተነስቶ አዲስ አበባ ማደር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ትኬቱ «ዓርብ 03:30» ቢል፣ በእኛ መቼ ነው?
መልስ፦ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል።