ያውቁ ኖሯል? ኦና ፋብሪካ ኦና አይደለም

ሞተሩ ቀጥ ያለ፣ ሠራተኛው የተበተነ፣ መስታወቱ በልጆች ድንጋይ ያለቀ ፋብሪካ በየአገሩ አለ። በአጥሩ ሽንቁር ሾልኮ ውስጡን ለማየት የሚጓጓ ሰውም እንዲሁ። ይህ ጉጉት «ኧርባን ኤክስፕሎሬሽን» የሚል ስም ወጥቶለት ካሜራ ያነገቡ ወጣቶችን ከአገር አገር ያዞራል። የዝገቱና በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ውበት እኔንም ይስበኛል። ስለዚህም ነው ከበሩ ወዲያ ያለውን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል የምለው። (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? በዓለም ላይ ከደረሱት ከባድ የጨረር አደጋዎች አንዱ የጀመረው አንድ ዘበኛ ከሥራ በቀረበት ቀን ነው። ቦታው ብራዚል ውስጥ ጎያኒያ ከተማ፣ ቀኑ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1987 ነበር። አንድ የጨረር ሕክምና ተቋም ሕንፃውን ለቅቆ ሲሄድ፣ ከሕንፃው ባለቤት ጋር በገባው ክርክር ሳቢያ አሮጌው መሣሪያ እዚያው ቀረ። ሁለት ሰዎች ገብተው የመሣሪያውን ራስ ፈቱና በእጅ ጋሪ ገፍተው ወሰዱት፤ ለቁራሌ ነጋዴም ሸጡት። ብረቱ ሲሰበር በውስጡ 93 ግራም ሴዚየም ክሎራይድ ነበር፤ በጨለማ ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራ ዱቄት። ነጋዴው ዘመድ ወዳጁን ጠርቶ አሳየ፤ ለየቤታቸውም ቆንጥረው ወሰዱ። 4 ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የ6 ዓመት ልጅ ነበረች። 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ፤ 112,000 ያህል ነዋሪ ተመረመረ። ነገሩ የተገለጠው የነጋዴው ባለቤት የቤተሰቡን መታመም ከዚያ ብረት ጋር አያይዛ፣ በከረጢት አስይዛ፣ በአውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ጤና ቢሮ ስለወሰደችው ነው። እሷም ከሟቾቹ አንዷ ሆነች። ቁራሌ መግዛት ወንጀል አልነበረም። ጥፋተኛው በሩን ዘግቶ የሄደው ወገን ነው።

ያውቁ ኖሯል? ቢጫ መደብ ላይ ያለው ባለሦስት ክንፉ የጨረር ምልክት ላልተማረው ሰው ምንም አይናገርም፤ የአየር ማራገቢያ የሚመስለው ብዙ ነው። ለዚህም ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ2007 ከባድ ለሆኑ የጨረር ምንጮች ሌላ ምልክት አወጣ፦ ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ወደ ታች የሚረጭ ጨረር፣ የራስ ቅል፣ የሚሮጥ ሰው። ምልክቱ በ11 አገሮች ሰዎች እየተጠየቁ ተፈትኗል። ማንበብ የማይችል ሰውም «ሩጥ» የሚለውን ያነባል።

ያውቁ ኖሯል? ዝገት አየር ይበላል። ብረት ሲዝግ ኦክስጅን ይወስዳል፤ ተዘግቶ የኖረ ታንከር፣ ቦይለር ወይም የምድር ውስጥ ክፍል ደግሞ የወሰደውን የሚተካለት የለም። ደጅ የምንተነፍሰው አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው። ከ19.5 በመቶ ሲወርድ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ቦታውን አደገኛ ይለዋል። ከ6 በመቶ በታች ከሆነ ጥቂት ትንፋሽ ሰውን ይጥላል። ሽታ የለው፣ ጭስ የለው፤ የገባው ሰው ለመጮህ እንኳ ጊዜ አያገኝም።

በበሰበሰ እንቁላል ሽታ የሚታወቀው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው። መጠኑ በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 100 እጅ ገደማ ሲደርስ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብሎ ደስ ያለው ሰው ሞት ደጃፍ ላይ ሊሆን ይችላል።

የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም (ናዮሽ) በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እንዲህ ባሉ ዝግ ቦታዎች ከሚሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የወደቀውን ለማውጣት የገቡ አዳኞች ናቸው ብሏል። በአገራችንም አንድ ሰው ጉድጓድ ገብቶ ሲቀር ወንድሙ፣ ከዚያም ጎረቤቱ ተከታትለው የገቡበት ስንት ለቅሶ አለ። ጓደኛዎ ታንከር ውስጥ ወድቆ ቢያዩ፣ የልብዎ ትእዛዝ ግባ ቢልዎትም፣ አይግቡ። ንጹሕ አየር አዝሎ የሚገባ አዳኝ ይጥሩ። ይህን ስጽፍ ምን ያህል ከባድ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ።

ያውቁ ኖሯል? በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ባዶ ሕንፃ ላይ ቀይ መደብ ያለው ነጭ ኤክስ ተለጥፎ ይታያል። መልእክቱ ለአላፊ አግዳሚ ሳይሆን ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ነው፦ ሕንፃው ውስጡ አደገኛ ነው፣ ስትገቡ አስቡበት። እንዲህ ያለው ምልክት ለምን እንዳስፈለገ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዉስተር ከተማ የደረሰው ይነግረናል።

እዚያ በ1906 የተሠራ ባለ6 ፎቅ የሥጋና የምግብ ማቀዝቀዣ መጋዘን ከአሥር ዓመት በላይ ባዶውን ቆሞ ነበር። ቅዝቃዜ እንዳይወጣ ተብሎ ስለተሠራ መስኮት የለውም ማለት ይቻላል፤ ግድግዳውም በቡሽ፣ በሬንጅና በፎም የተደራረበ ነው። መጠለያ የሌላቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ውስጡ ያድሩ ነበር። ዲሴምበር 3 ቀን 1999 ያበሩት ሻማ ወደቀ። ለማጥፋት ሞክረው ሲያቅታቸው ወጥተው ሄዱ፤ ለማንም አልተናገሩም። እሳት አደጋዎች ሲደርሱ «ውስጥ ሰው ይኖራል» ተባሉ። ከእነሱ ሁለቱ ፍለጋ ገቡ። መስኮት በሌለው ሕንፃ ጭሱ ሲወርድባቸው የመጡበት ጠፋቸው፤ አየራቸውም አለቀ። እነሱን ፍለጋ የገቡ አራት ባልደረቦቻቸውም አልተመለሱም። በመጨረሻ አንድ አዛዥ በሩ ላይ ቆሞ ሌላ እንዳይገባ ከለከለ። ስድስት ሰዎች የሞቱት ውስጡ ላልነበሩ ሁለት ሰዎች ነው። ሁለቱ ከወጡ ቆይቷል።

አንድ አሳሽ ሹልክ ብሎ ሲገባ አደጋው የራሴ ነው ይላል። ዉስተር ግን መልስ ሰጥታዋለች።

ያውቁ ኖሯል? አርማታ ከውስጥ ወደ ውጭ ይፈርሳል። በሲሚንቶው ውስጥ ያለው ፌሮ ሲዝግ ከ2 እስከ 6 እጥፍ ያብጣል፤ እብጠቱም ሲሚንቶውን እየሰነጠቀ ይልጠዋል። ወለሉ ከላይ ሲታይ ደህና፣ ከሥር ግን ፌሮው ተራቁቶ የተንጠለጠለ ሊሆን ይችላል። ጃፓን ውስጥ የሐሺማን ደሴት የሚያፈርሰው ይህ ነው። በ1959 ከ5,200 በላይ ሰው በ6.3 ሄክታር ላይ ተጠጋግቶ ይኖርባት የነበረች የከሰል ማዕድን ደሴት ናት፤ በግድ የመጡ ኮሪያውያንና ቻይናውያንም ደክመውባታል። ማዕድኑ በ1974 ሲዘጋ በጥቂት ወራት ባዶ ቀረች። ዛሬ ጎብኚ የሚሄደው በተከለለ አጭር መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ ጨዋማው የባሕር ነፋስ ፌሮውን እየበላ ነውና።

ያውቁ ኖሯል? የሶቪየት ኅብረት የጠፈር መንኮራኩር «ቡራን» ኖቬምበር 15 ቀን 1988 ሰው ሳይዝ ምድርን 2 ጊዜ ዞሮ በሰላም አረፈ። የገደለው ጠፈር ሳይሆን ጣሪያ ነው። ሜይ 12 ቀን 2002 በባይኮኑር ያለበት ግዙፍ ሕንፃ ጣሪያ ተደርምሶ መንኮራኩሩን አደቀቀው፤ ጣሪያውን ይጠግኑ የነበሩ 8 ሠራተኞችም ሞቱ። እነዚያ ሰዎች ሙያተኞች ነበሩ፤ የገቡትም በሥራ ትእዛዝ ነው። አንድ ሌላ መንኮራኩርና አንድ የሙከራ ሞዴል ግን በአንድ የተተወ ሕንፃ ውስጥ አቧራ ለብሰው አሁንም አሉ፤ በሌሊት በረሃ አቋርጠው የሚሄዱ አሳሾችም አልጠፉም። በ2024 እነሱን ለማየት በካዛኪስታን በረሃ በእግሩ የተጓዘ አንድ ፈረንሳዊ ወጣት በውኃ ጥም ሞቷል።

ያውቁ ኖሯል? የርግብ ኩስ የሞላበት ወለል ሲረገጥ የሚነሣው አቧራ ሳንባን የሚያሳምም ፈንገስ ይይዛል። ተራ የጨርቅ ማስክ አያስጥልም።

ያውቁ ኖሯል? ፋብሪካ ሞተ ማለት መብራቱ ሞተ ማለት አይደለም። ለጥበቃ፣ ለውኃ ፓምፕ ወይም በመዘንጋት መስመሩ ሳይቆረጥ የሚቀርበት ቦታ ብዙ ነው። መዳብ ሊቆርጥ የገባ ሌባ የተወውን ገመድ በጨለማ የሚረግጠው ፎቶ አንሺው ነው። የድሮ ትራንስፎርመር ዘይት ደግሞ ፒሲቢ የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ የስቶክሆልም ስምምነት አገሮች እንዲህ ያሉትን መሣሪያዎች እስከ 2025 ከአገልግሎት እንዲያወጡ፣ ቆሻሻውንም እስከ 2028 እንዲያስወግዱ ቀን ቆርጦላቸዋል።

ያውቁ ኖሯል? በምዕራብ አውስትራሊያ ዊትኑም የምትባል ከተማ ነበረች፤ አሁን ካርታ ላይ የለችም። እስከ 1966 ሰማያዊ አስቤስቶስ ይወጣባት ነበር። ከሠሩባትና ከኖሩባት ሰዎች ከ2,000 በላይ የሚሆኑት በአስቤስቶስ በሽታ ሞተዋል፤ ጓሮ ውስጥ በማዕድኑ ዝቃጭ ሲጫወቱ ያደጉ ልጆችም ጭምር። መንግሥት በ2007 የከተማነት ስሟን ፋቀ፣ መንገድ ጠቋሚ ሰሌዳዎቿን ነቀለ። ፎቶ የሚያነሡ ጎብኚዎች ግን መምጣታቸውን አልተዉም፤ በ2023 የቀሩት ቤቶች ፈረሱ። የአስቤስቶስ ክፋቱ መታገሡ ነው። ዛሬ የተሳበው ቃጫ ካንሰር ሆኖ የሚመጣው ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ «የት ሠርተህ ነበር?» ሲል፣ በሃያ ዓመቱ አንድ ከሰዓት ብቻ የገባበትን ፋብሪካ የሚያስታውስ ማን ነው?

ያውቁ ኖሯል? ካሜራ ይዞ ኦና ፋብሪካ የገባ ሰው በስለላ ሊታሰር ይችላል። በኦገስት 2022 አልባኒያ ውስጥ ግራምሽ በሚባል ቦታ፣ በኮሚኒስቱ ዘመን ክላሽንኮቭ ይመረትበት በነበረ ፋብሪካ፣ ሁለት ሩሲያውያንና አንድ ዩክሬናዊ ተያዙ። ከመያዛቸው በፊት ከመካከላቸው ውስጥ የገባው ሰው በረጨው ነገር ሁለት ጠባቂዎች ተጎድተዋል። ተያዦቹ ኦና ቦታ የምናስስ ነን አሉ፤ መርማሪዎች የጠረጠሩት ስለላ ነበር፤ ክርክሩም ወራት ፈጀ። ጦርነት ባለበት ዘመን «ፎቶ ላነሣ ብቻ ነው» የሚለውን ቃል ተቀብሎ የሚለቅ ጠባቂ አይገኝም። ጠባቂውም ሰው ነው፤ ሌሊት ባልታወቀ ሰው ዓይኑ የሚቃጠልበት ምክንያት የለም።

ያውቁ ኖሯል? እኛም ጋ ለአሳሽ ዓይን የሚሆን አይጠፋም። ዳሎል ላይ ከጨው ጡብ የተሠሩ የፖታሽ ማዕድን ሰፈር ፍርስራሾች በዝገት ከቀለሙ ማሽኖች ጋር ቆመዋል፤ በ1918 ከመርሳ ፋጥማ ወደብ የተነሣ የባቡር ሐዲድ 28 ኪሎ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ተጠግቶት ነበር። አጠገቡ ያሉት ውብ ኩሬዎች ፒኤቻቸው ከ1 በታች የሆነ አሲድ ነው፤ የአፋር መንገድ መሪ ሳይዝ የሚሄድ ሰው ቅርፊቱ የት እንደሚሰበር አያውቅም።

አቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ተዘግቶ ከኖረ በኋላ በ2016 ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋቱን እንደገና ማመንጨት ጀምሯል። ድሬዳዋም የ784 ኪሎ ሜትሩ ነባር ባቡር ጥገና ግቢ ከነሎኮሞቲቩና ከነመፍቻው አለ። እንዲህ ያለው ቦታ ፈቃድ ጠይቀው፣ አስጎብኚ ይዘው ሲገቡበት ታሪኩን የሚነግርዎት ሰው ያገኛሉ፤ በአጥር የዘለለ የሚያገኘው ብረቱን ብቻ ነው። የየከተማችን አሮጌ ፋብሪካዎች በቁራሌ ሚዛን ተመዝነው ሳያልቁ እንዲህ ቢከፈቱ እንዴት ደስ ባለኝ።

ያውቁ ኖሯል? ጀርመን ዱይስቡርግ ከተማ በ1985 የተዘጋ የብረት ማቅለጫ ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ነው። ምድጃው ላይ በደረጃ ይወጣል፤ የማዕድን ማከማቻው ግድግዳ የተራራ መውጫ መለማመጃ ሆኗል፤ የጋዝ ማጠራቀሚያው 13 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ውኃ ተሞልቶ ጠላቂዎች ይዋኙበታል። በሩ ክፍት ነው፤ የማያስተማምነው ቦታ ግን ታጥሯል።

ያውቁ ኖሯል? ከከተማ ሥር ባለ ኦና ውስጥ በመጥፋት ቀድሞ ስሙ የሚነሣው ሰው ራሱ በር ጠባቂ ነበር። ፊሊበርት አስፔር በፓሪስ የቫል ደ ግራስ ሆስፒታል ዘበኛ ነበር። በ1793 ከሆስፒታሉ ሥር ወደሚገኙት የድሮ የድንጋይ ካባዎች ወረደ፤ ለምን እንደወረደ በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1804፣ አፅሙ ከአንድ ዋሻ ተገኘ፤ ማንነቱ የታወቀው አብሮት በነበረው የሆስፒታሉ የቁልፍ ዘለላ ነው። በወደቀበት ቀበሩት፤ መቃብሩ ዛሬም እዚያው፣ ከመንገዱ ሥር አለ።