ባቄላም ጠባቂ አለው

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ባቄላ ነው። «ደግሞ ስለ ባቄላ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉኝ።

እኔ የምማረው እዚሁ ቢቸና ቢሆንም አያቴና አጎቴ ሞጣ ናቸው። አምና ክረምት የአጎቴ ባቄላ አብቦ ሳለ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ። ዝናቡ ሲበረታ ነጠብጣቡ ተያይዞ ማሳው እሳት የነካው መሰለ። በሽታውን የሚያመጣው ቦትራይቲስ የሚባል ፈንገስ ነው፤ በመልኩ ምክንያት ‹ቸኮሌት ስፖት› ይሉታል። ሲወቃ አንድ ጆንያ እንኳ አልሞላም።

በኋላ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ መምህራችን ባቄላ ውስጥ ፈንገስ የሚከላከል ፕሮቲን እንዳለ ሲነግሩን እጄን አወጣሁ። «ታዲያ የአጎቴን ባቄላ ለምን አላዳነውም?» ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ መጽሐፍ አምጥተው አብረን አነበብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈንገስ አፍም ሆድም የለውም። ኢንዛይም ወደ ውጭ ይረጭና ምግቡን እዚያው አሟሙቶ ይመጠዋል። ፕሮቲን የሚቆራርጡት ኢንዛይሞች ፕሮቲኤዝ ይባላሉ። ባቄላ፣ ቦሎቄና አኩሪ አተር ደግሞ እነዚህን የሚያግዱ ትንንሽ ፕሮቲኖች በፍሬያቸው ያከማቻሉ፤ ስማቸው ፕሮቲኤዝ ኢንሂቢተር ነው። አጋጁ ልክ ኢንዛይሙ በሚቆርጥበት ቦታ ላይ ይሰካል። መቀስ አፍ ውስጥ ጠጠር ብታስገቡ መቀሱ አይገጥምም አይደል? እንደዚያ በሉት። ቦውማን-ቢርክ የሚባለው ዓይነትማ ሁለት ራስ ስላለው ባንዴ ሁለት መቀስ ይይዛል! ከባቄላ ፍሬ የወጣ እንዲህ ያለ ፕሮቲን በቤተ ሙከራ የአንዳንድ ፈንገሶችን እድገት አግቷል።

ችግሩ የእኛም ሆድ ፕሮቲኤዝ አለው። ከቆሽት የሚመጣውን ትሪፕሲን ጥሬ ባቄላ ያግደዋል። እ.ኤ.አ. በ1917 ኦዝቦርንና ሜንደል የተባሉ ተመራማሪዎች ጥሬ አኩሪ አተር የበሉ አይጦች በደንብ እንደማያድጉ፣ የተቀቀለ የበሉት ግን እንደሚያድጉ አሳይተዋል። ሙቀት የአጋጁን ቅርጽ ያበላሸዋል። እናቶቻችን ይህን ሳያነቡ ነው ባቄላውን የሚነክሩት፣ የሚቆሉት፣ የሚቀቅሉት። (እሸት የምትወዱ አትደንግጡ፤ በምሳ ፈንታ አታድርጉት ነው የምላችሁ።)

እኔም ሞከርኩ። በአንድ ጣሳ የተቀቀለ፣ በሌላው ጥሬ የተነከረ ባቄላ አስቀመጥኩ። የተቀቀለው በአራተኛው ቀን ሻገተ፤ ጥሬው በቀለ። በደስታ ለመምህራችን ሳሳያቸው «የተቀቀለው ለስልሷል፣ ሞቷልም፤ ስለዚህ ይሄ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

የጥያቄዬ መልስስ? አጋጁ በብዛት ያለው ፍሬው ውስጥ ሲሆን በሽታው የሚገባው በቅጠሉ ነው። ፈንገሱም ያለው አንድ መቀስ ብቻ አይደለም፤ የቅጠሉን ግድግዳ የሚያሟሙ ሌሎች ኢንዛይሞች አሉት። ዝናብና ብርድ ሲራዘም ደግሞ እሱ ይቀድማል። ማሳ ላይ በቀረ የባቄላ አገዳ ውስጥም ይከርማል።

አጎቴ ዘንድሮ አገዳውን ለቃቅሞ ጤፍ ዘርቶበታል። ባቄላውን ወደ ታችኛው ማሳ ወስዶ አራርቆ ዘራው። አያቴ ግን «ካበበ በኋላ እናያለን» ብላለች።