ለአንድ ክፍል ቤት ተጣጣፊ ጠረጴዛ፤ ለኪዋ እናት ትሁን

ጠረጴዛ ቤተሰብን የሚሰበስብ ዕቃ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ሲሆን ግን ያው የሚሰበስበው ጠረጴዛ በታኝ ይሆናል። እናት ትኩስ ድስት ይዛ ስታልፍ ማዕዘኑ ጎኗን ይወጋታል፤ ሕፃን ሲሮጥ ግንባሩን ይመታዋል፤ ማታ ፍራሽ ሲነጠፍ ደግሞ ሁለት ሰው ተረዳድቶ ወደ ጥግ ሊገፋው፣ ጥግ ከሌለም ወደ ደጅ ሊያወጣው ግድ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ብዙ እናቶች «ጠረጴዛ ለሰፊ ቤት ነው» ብለው ነገሩን ይተዉታል።

ይሁን እንጂ የተተወው ነገር ዋጋ ያስከፍላል። ጠረጴዛ በሌለበት ቤት ተማሪው ደብተሩን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ወይም መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ ይጽፋል። ሽንኩርት የምትከትፈው፣ ልብስ የምትተኩሰው እናትም ጎንበስ እንዳለች ይመሻል። በመሥሪያ ቤት ወይም በፋብሪካ ውላ የምትገባ ሴት ወገቧን የሚያማት በዋለችበት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ማታ በቤቷ ወለል ላይ በምትሠራውም ጭምር ነው።

ለዚህ ችግር መላ ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ እግሩ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ነው። ነገር ግን ተጣጣፊ የተባለ ሁሉ ለቤት አይበጅም። ጥሩ ተጣጣፊ ጠረጴዛ ሲፈለግ ብቻ የሚታጠፍ ነው፤ ሳይፈለግ የሚታጠፈው ግን አደጋ ነው። ልዩነቱ የሚወሰነው ደግሞ ጠረጴዛው ከመሠራቱ በፊት፣ ልኩ በሚወሰድበት ሰዓት ነው። ስለዚህም በዚያ ሰዓት ጠረጴዛውን በየቀኑ የምትዘረጋውና የምታጥፈው ሴት ልትጠየቅ ይገባል።

ከአትሮንስ የተገኘ ዘዴ

ያደግሁት በደቡብ ጎንደር፣ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአንበሳሜ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቤታችን በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ነበር። አራት ልጆች ነበርንና ማታ ማታ ወለሉ ሁሉ መኝታ ይሆናል። እናቴ ከወራት ቁጠባ በኋላ ጠረጴዛ ለማሠራት ወደ አናጢ ዘንድ ስትሄድ አብሬያት ሄድሁ። አናጢው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ።

«እታለም፣ ለስንት ሰው የሚሆን ነው የምትፈልጊው?» ሲሉ ጠየቋት።

«ጋሼ፣ የሰዉን ቁጥር ይተዉት። እኔ ብቻዬን አንሥቼ፣ አጥፌ፣ ከግድግዳ የማስጠጋው ይሁንልኝ» አለቻቸው።

አናጢው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ከመሬት ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አንሥተው አመሳቀሏቸው። መካከላቸውን በጣታቸው ይዘው እንደ መቀስ ከፈቷቸው፤ መልሰውም ዘጓቸው።

«ይህማ አዲስ ነገር አይደለም። የአትሮንሱን እግር መቼም ሳታዪው አልቀረሽም» አሏት።

አትሮንስ በቤተ ክርስቲያን ትልልቅ መጻሕፍት ተዘርግተው የሚነበቡበት መቆሚያ መሆኑ ይታወቃል። ተጣጣፊ የሆነው አትሮንስ እግሮቹ ተመሳቅለው መካከል ላይ የተያያዙ ናቸው። ከላይ የሚወጠረው ጠፍር መጽሐፉን ይሸከማል፤ እግሮቹም ከልክ በላይ እንዳይከፈቱ ይይዛቸዋል። ንባቡ ሲያበቃ ታጥፎ ይነሣል። እንግዲህ የተጣጣፊ ጠረጴዛ ሦስት ቁም ነገሮች በዚህ ዕቃ ውስጥ ይገኛሉ፤ የሚመሳቀል እግር፣ መሐሉን የሚይዝ እንብርት፣ መከፈቱን የሚወስን ማገጃ።

ብልሃቱ በሌላውም ዓለም ጥንታዊ ነው። ከ3,300 ዓመታት በፊት የሞተው የግብፁ ንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር በ1922 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲገኝ፣ አብረውት ከተቀበሩት ዕቃዎች መካከል የነሐስ ማጠፊያ ያለው ተጣጣፊ አልጋ ታይቷል። ወደ አገራችን ስንመለስም፣ በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ያሠሩት በ1860ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነበር። መድፍ የተሠራበት አገር ጠረጴዛ አያቅተውም። የሚያስፈልገው ልኩን ማወቅ ብቻ ነው።

ስድሳ፣ ሰማንያ፣ መቶ

የጠረጴዛ ልክ የሚጀመረው ከመቀመጫው ነው። ከመቀመጫው ገጽ እስከ ጠረጴዛው ገጽ ከ27 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፣ ትከሻ ሳይነሣና አንገት ሳይቀበር መብላትና መጻፍ ይቻላል። 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ወንበር ለሚቀመጥ ሰው ጠረጴዛው ከ72 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ብዙዎቻችን በቤታችን የምንጠቀመው ግን ዝቅ ያለ ዱካ ነው። ዱካው 34 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 62 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠረጴዛ ይስማማዋል። ስለዚህ ወደ አናጢ ከመሄድዎ በፊት መቀመጫዎን ይለኩ።

ቀጥሎ የእግሩ ርዝመት ይመጣል። አናጢዎች ማዕዘን ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጡበት 3፣ 4፣ 5 የሚባል ልክ አለ። አንዱ ጎን 3፣ ሌላው ጎን 4 ሆኖ ሰያፉ 5 ከሆነ ማዕዘኑ አልተዛባም ማለት ነው። ይህንኑ ልክ በ20 ብናባዛው 60፣ 80 እና 100 እናገኛለን። በመሆኑም 100 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው የተመሳቀሉ እግሮች መሬት ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ሲራራቁ፣ ከፍታቸው 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በላዩ የ2 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ሲጨመር 62 ይሞላል።

እግሮቹ አራት ሲሆኑ ሁለት ሁለት ሆነው በአግዳሚ ይያያዛሉ። አንደኛው ጥንድ ጠበብ ብሎ በሌላው ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። የእንብርቱ ቀዳዳ ከእግሩ ጫፍ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በአራቱም እግሮች እኩል መበሳት አለበት። አንዱ ቀዳዳ በ1 ሴንቲ ሜትር እንኳ ቢስት ጠረጴዛው ያነክሳል። እንብርቱ ሚስማር መሆን የለበትም፤ ሚስማር ውሎ አድሮ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን በእንጨቶቹ መካከል ሮንዴላ ገብቶለት፣ ጫፉ ላይም እንዳይላላ ሁለት ዳዶ ቢታሰርበት ለብዙ ዘመን ያገለግላል።

ገበታው 110 በ60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአራት ሰው ይበቃል። አንደኛው የእግር ጥንድ ከገበታው ሥር፣ ከጫፉ 10 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ በማጠፊያ ይያዛል። እንዲህ ከሆነ ባለ 100 ሴንቲ ሜትሩ እግር ሲታጠፍ ከገበታው ጫፍ ጋር እኩል ይሆናል፤ አይተርፍም። የታጠፈው ጠረጴዛ ውፍረት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ግድግዳ ተጠግቶ ሲቆም፣ ተዘርግቶ ይይዘው ከነበረው ወለል ሰባተኛውን ያህል ብቻ ይይዛል። የዚህ አሠራር ጉድለት የተመሳቀለው እግር የተቀማጩን ጉልበት አልፎ አልፎ መንካቱ ነው። እግሮቹን ከገበታው ጠርዝ ወደ ውስጥ ማስገባት ጉድለቱን ይቀንሰዋል።

የእንጨቱን ነገር በሚመለከት ክብደቱን ማሰብ ያስፈልጋል። በዚህ ልክ የተሠራ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የዋንዛ ገበታ 6 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ የባሕር ዛፉ ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል። ሁለቱን የሚያነሣ ክንድ ልዩነቱን ያውቀዋል። ዋንዛ ቀላልና ለመላጊያ የሚታዘዝ ነው፤ ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የከለከለው በመመናመኑ ነውና፣ ጣውላው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ደግሞ 5 ኪሎ ያህል ብቻ ስለሚመዝን ጥሩ ምትክ ይሆናል፤ ውሃ እንዳይገባበት ግን ጠርዙ በቀጭን እንጨት መሸፈን አለበት። ለእግሩ ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው። ሳይደርቅ የተሠራ እንደሆነ ግን ይጣመምና አልዘጋም ይላል።

ሳይፈለግ እንዳይታጠፍ

በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በተከራየሁት አንድ ክፍል፣ የብረት እግር ያለው ተጣጣፊ ጠረጴዛ ገዝቼ ነበር። እንዲህ ያለው ጠረጴዛ እግሩን ደግፎ የሚይዝ ታጣፊ ብረት አለው፤ በብረቱ መገናኛ ላይ የምትወርድ ቀለበት ደግሞ እንዳይታጠፍ ትቆልፈዋለች። አንድ ማታ ሕፃኑን በአንድ እጄ ታቅፌ ጠረጴዛውን በሌላው ዘረጋሁት። ቀለበቷ መውረዷን አላየሁም። የሚፈላ ሽሮ ካስቀመጥሁ በኋላ የአራት ዓመቷ ልጄ እግሩን በእግሯ ነካችው፤ ጠረጴዛውም እንደ ግመል ተንበረከከ። ሽሮው ልጄ ቆማበት ከነበረው ስፍራ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ፈሰሰ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በኋላ ነገሩን ሳስበው ችግሩ የኔ መቸኮል ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። ያች ቀለበት በደንብ የምትወርደው በሁለት እጅ ሲይዟት ነው፤ ያለችውም ከገበታው ሥር በማትታይበት ቦታ ነው። ጠረጴዛውን ያሰበው ሰው ሁለት እጁ ነፃ የሆነ ሰው አስቦ ነበር። እናት ግን ሁለት እጇ ነፃ የሚሆንበት ሰዓት ስንት ነው?

ስለሆነም የእንጨቱ ጠረጴዛ ሲታዘዝ ሦስት መያዣዎች እንዲኖሩት ይጠይቁ። አንደኛ፣ ከታች እግሮቹን የሚያገናኝ ጠፍር ወይም የናይለን ማሰሪያ ሲሆን፣ ይህም እግሮቹ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይራራቁ ያግዳል። ሁለተኛ፣ ማጠፊያ የሌለው የእግር ጥንድ አግዳሚ የሚያርፍበት፣ ከገበታው ሥር የተቦረቦረ ማረፊያ ነው፤ ገበታው ዝቅ ሲል አግዳሚው በራሱ ክብደት ይገባበታል። ሦስተኛ፣ በአንድ እጅ የሚዘጋ፣ ከጎን በኩል የሚታይ መንጠቆ ነው። አንዱ ቢዘነጋ ሌላው ይይዘዋል።

ከፍ ያለ ጠረጴዛ የምትሹ እናቶች እግሮቹ በሁለቱ ጫፎች የሚታጠፉትን ዓይነት ልታሠሩ ትችላላችሁ። ገበታው 120 ሴንቲ ሜትር፣ እግሮቹ 72 ቢሆኑ፣ ሁለቱ እግሮች ወደ ውስጥ ሲታጠፉ በድምሩ 144 ስለሚሆኑ ይደራረባሉ። ስለዚህ አንደኛው ጥንድ በሌላው ውስጥ እንዲተኛ ጠበብ ተደርጎ ይሠራል። ከግድግዳ ጋር በማጠፊያ የሚያያዘው ጠረጴዛም አለ። የጭቃ ቤት ከሆነ ግን ምርጊቱ ሚስማር አይይዝምና ማጠፊያው የግድግዳውን ቋሚ እንጨት ማግኘት አለበት። ቤቱ የኪራይ ከሆነም አከራዩን አስቀድሞ ማነጋገር ይገባል።

ጠረጴዛው የተሠራም ሆነ የተገዛ፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ይፈተን። ብቻዎን ይዘርጉት። በሁለት እጅዎ ማዕዘኖቹን ይጫኑ፤ በዳሌዎ ከጎን ገፋ ያድርጉት፤ እግሩን በእግርዎ መታ ያድርጉት፤ አንዱን ጫፍ ብድግ አድርገው ይጎትቱት። ከነዚህ ሁሉ በኋላ ካልተንበረከከ ጥሩ ነው። ከዚያም መንጠቆውን ፈትተው ብቻዎን ይጠፉት። ጣት የሚቆነጥጥበት ቦታ ካለ ያን ጊዜ ይታወቃል፤ እንዲስተካከልም ያድርጉ። ልጆች ከጫፉ ላይ እንዳይቀመጡበት፣ ማጠፉንም ለብቻቸው እንዳይሞክሩ መንገር ያስፈልጋል። ታጥፎ የሚቆመውም ጠረጴዛ ሕፃን ስቦ በላዩ እንዳይጥለው ከግድግዳው ጋር በማሰሪያ ይያዝ። ምናልባት ትኩስ ነገር ፈስሶ ልጅ ቢቃጠል፣ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና ሳይቀቡ፣ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ማብረድና ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

የአንበሳሜው ጠረጴዛችን የማያምር፣ ቫርኒሽ ያልነካው ዕቃ ነበር። ከእራት በኋላ አራታችንም በዙሪያው ተቀምጠን እናጠና ነበር። እናቴ «በሉ ደብተር አንሡ» ስትል ቦታው ይለቀቃል። መንጠቆውን ትፈታለች፤ ገበታውን ብድግ ታደርጋለች፤ እግሮቹ ይገጥማሉ፤ ጠረጴዛውም ከበሩ ኋላ ይቆማል። ማንንም ለእርዳታ አትጠራም ነበር። ወለሉ ባዶ ሲሆን ፍራሾቹ ይነጠፋሉ።

ያ ጠረጴዛ የተሠራው በአናጢው እጅ ነበር፤ ልኩን የሰጠችው ግን እናቴ ነበረች። እናንተም ጠረጴዛ ስታሠሩ የክፍሉን ስፋት ብቻ ለክታችሁ አትሂዱ፤ የምትቀመጡበትን ዱካ፣ የምታነሡበትን ክንድ፣ ልጅ ታቅፋችሁ የሚተርፋችሁን አንድ እጅ ጭምር ለክታችሁ ሂዱ።