የቤት ኮምፒዩተርና የቋንቋ ምርጫ

ኮምፒዩተር የሚሠራው የታዘዘውን ብቻ ነው። ትእዛዙ የሚጻፍበት ቋንቋ ግን አንድ ብቻ አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒዩተር ነው።

ይህ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ሊጠቀምበት የሚችለው የማስታወሻ ስፍራ 65,536 ባይት ብቻ ነበር። አንድ ባይት አንድ የላቲን ፊደል ይይዛል። ከዚህ ስፍራ ላይ ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራምና ቤዚክ የተባለው ቋንቋ አስተርጓሚ እያንዳንዳቸው 8,192 ባይት ይወስዱ ነበር። ለልዩ ልዩ ሥራ የተመደበው ሁሉ ሲቀነስ፣ በቤዚክ ለሚጽፍ ሰው የሚተርፈው 38,911 ባይት ነበር።

ቤዚክ ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ስሕተቱም ቶሎ ይታረማል። ሆኖም አስተርጓሚው አንዱን መስመር መቶ ጊዜ ቢያገኘው መቶ ጊዜ እንደ አዲስ ይተረጉመዋል። ስለዚህ ሥራው በአስተርጓሚ እንደሚገበያይ ሰው ንግግር ይዘገያል።

የማሽን ቋንቋ ግን አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እጅግ ፈጣን ከመሆኑም በላይ የቤዚክን ስፍራ እንኳ ለራሱ ሊጠቀምበት ይችላል። ነገር ግን ትእዛዞቹ ቁጥሮች በመሆናቸው አንዲት ስሕተት ኮምፒዩተሩን ልታስቆመው ትችላለች፤ ያን ጊዜ በካሴት ወይም በዲስክ ያልተቀዳ ሥራ ሁሉ ይጠፋል።

በዚህ ምክንያት ብዙ ጸሐፊዎች ሁለቱን ያጣምሩ ነበር፤ የፕሮግራሙን አካል በቤዚክ፣ ፍጥነት የሚሻውን ክፍል ብቻ በማሽን ቋንቋ ይጽፉ ነበር። ከዚህም የምንረዳው ቤዚክ የሰውን ጊዜ፣ የማሽን ቋንቋ ደግሞ የኮምፒዩተሩን ጊዜ የሚቆጥብ መሆኑን ነው። ቋንቋ የሚመረጠውም የትኛው ጊዜ ይበልጥ ውድ እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው።