ከዳኝነት ወንበር እስከ ምርጫ ቦርድ፤ የብርቱካን ሚደቅሳ አወዛጋቢ የፖለቲካ ጉዞ

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. የዲላ ከተማና የጌዴኦ ዞን ወረዳዎች ነዋሪ፣ የቡና ማጠቢያው ሠራተኛ፣ ነጋዴው፣ መምህሩና የእንሰት እርሻውን ለአንድ ቀን የተወው ገበሬ በየምርጫ ጣቢያው ተሰልፎ ድምፁን ሰጥቷል። የቀረበለትም ጥያቄ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ከቀድሞው የደቡብ ክልል ወጥተው በጋራ አንድ አዲስ ክልል ይመሥርቱ ወይስ አይመሥርቱ የሚል ነበር። ያን ሕዝበ ውሳኔ ያስፈጸመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ በዚያን ጊዜ የሚመራው በወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበር። ድምፁን የሚሰጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቆጣሪው ማነው ብሎ ነውና፣ የእኚህን ሴት የሥራ ታሪክ መመርመር ለቀበሌው ነዋሪም ሆነ ለሠራተኛው ትርፍ ነገር አይደለም።

ስለ ወይዘሪት ብርቱካን ሲወራ አብዛኛው ሰው ነገሩን የሚጀምረው ከእስር ቤት ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን መነሻው ችሎት መሆን ይገባዋል። አዲስ አበባ ተወልደው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያጠኑት እኚህ ሴት በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በዳኝነት ያገለግሉ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲ በውስጡ ሲከፋፈል፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ፤ መዝገቡም በወጣቷ ዳኛ እጅ ወደቀ። ዳኛዋ ሕጉን ተመልክተው ዋስትና ፈቀዱ። ይሁን እንጂ ተጠርጣሪው ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ በፖሊስ ተይዘው ተመለሱ፤ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግም በጥድፊያ ወጣ።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። አቶ ስዬ ለዳኛዋ የፖለቲካ ወዳጅ አልነበሩም፤ እንዲያውም በሥልጣን ዘመናቸው የብዙ ሰው ቅሬታ ይነሣባቸው የነበሩ ሰው ናቸው። ለተወደደ ሰው መብት መከራከር ቀላል ነው። ትናንት ኃያል ለነበረና ዛሬ ወዳጆቹ ለጣሉት ሰው፣ ጣዮቹ ገና በወንበር ላይ ሳሉ፣ ሕጉ የሚሰጠውን መብት መስጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከዓመታት በኋላ አቶ ስዬ ከእስር ወጥተው፣ ወይዘሪት ብርቱካን ባቋቋሙት ፓርቲ ውስጥ አባል ሆነው ገቡ። መሪዋ ግን በዚያን ጊዜ ራሳቸው እስር ቤት ነበሩ።

ከዳኝነት ወደ ፖለቲካ የተሸጋገሩት ወይዘሪት ብርቱካን በ1997ቱ ምርጫ የቅንጅት ምክትል ሊቀ መንበር ነበሩ። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ውዝግብ ከሌሎች መሪዎች ጋር ታሰሩ፤ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው በዚያው ወር፣ በሽማግሌዎች አማካይነት፣ በይቅርታ ተለቀቁ። በ2000 ዓ.ም. አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን መሥርተው ሊቀ መንበር ሆኑ።

ቀጥሎ የመጣው ጠብ የተነሣው በዚያ ይቅርታ ምንነት ላይ ነው። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ስዊድን ሀገር ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ሲናገሩ፣ መፈታታቸው ከሕጋዊው የይቅርታ ሥርዓት ይልቅ የሽማግሌዎች ድርድር ውጤት መሆኑን ገለጹ። መንግሥት ይህ ይቅርታውን መካድ ነው በማለት ንግግሩን እንዲያስተባብሉ ጠየቀ። እርሳቸው ግን ሰነዱን መፈረማቸውን ሳይክዱ ነገሩ የተፈጸመበትን መንገድ በጽሑፍ አብራርተው ማስተባበሉን እምቢ አሉ። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. እንደገና ታሰሩ፤ የዕድሜ ልክ ፍርዱም ጸና። ለብቻቸው ተነጥለው የታሰሩበት ጊዜም ነበር፤ በውጭ አንዲት ሕፃን ልጅና አረጋዊት እናት ቀርተዋል።

በጌዴኦ ሀገር በሶንጎ ሥር ተቀምጦ የሽማግሌ ዕርቅ ያየ ሰው የዚህን ክርክር ፍሬ ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ሽማግሌ ገብቶበት የተጨረሰ ነገር አንዱ ወገን ዕርቅ ነው ሲለው ሌላው ወገን ምሕረት አድርጌለታለሁ ቢል፣ ቃሉ አንድ አይደለም፤ ዕርቅ ሁለት ባለጉዳይ አለው፣ ምሕረት ግን ጌታና ጥፋተኛ አለው።

በመስከረም 2003 ዓ.ም. ተፈቱ። መንግሥት እንዳስታወቀው የተፈቱት ጥፋታቸውን አምነው ይቅርታ በመጠየቃቸው ነበር። ትናንት ያሞገሷቸው አንዳንድ ሰዎች በዚህ ተቀየሟቸው። ከሃያ አንድ ወራት እስር በኋላ ከብረት በር ውስጥ የወጣ ፊርማ ግን በነፃ ሰው ፊርማ ሚዛን ሊመዘን አይገባውም፤ ነቃፊዎቹም ያን ሚዛን የያዙት ከቤታቸው ሆነው ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወደ ሀገራቸው ተመለሱ፤ ኅዳር 13 ቀንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማቸው። የቀድሞዋ እስረኛ በዚያ ወንበር መቀመጣቸውን ብዙዎች በደስታ ሲቀበሉት፣ ሌሎች ደግሞ መንግሥት በስማቸው ሊነግድ ነው አሉ። ይህ ጥርጣሬ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በ2013ቱ አጠቃላይ ምርጫ በትግራይ ድምፅ አልተሰጠም፤ ከተቃዋሚዎችም አንዳንዶቹ ከውድድሩ ወጥተው ነበር፤ ገዢው ፓርቲም እጅግ ከፍተኛውን ወንበር ወሰደ። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ዳኛው ምንም ያህል ቀና ቢሆን ጨዋታውን ብቻውን አያስተካክለውም።

ሆኖም ሰብሳቢዋ ዝም አላሉም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ድምፅ በሚሰጥበት በዚያው ዕለት፣ በአማራና በደቡብ ክልሎች የተቃዋሚ ፓርቲ ወኪሎች ከምርጫ ጣቢያዎች መባረራቸውን በአደባባይ ተናገሩ። የጌዴኦ ዞን በዚያን ጊዜ የደቡብ ክልል አካል እንደነበረ አንባቢ ያስታውሳል። የመንግሥት ተሿሚ የመንግሥትን ታችኛ እርከን በስሙ ጠርቶ ሲወቅስ መስማት በእኛ ሀገር የተለመደ አልነበረም።

የ2015ቱ ሕዝበ ውሳኔም ያለ ነቀፋ አላለፈም። በተለይ በወላይታ የራሳችን ክልል ይሁን የሚለው ፍላጎት በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ቦታ አላገኘም የሚል ቅሬታ ነበር። እርግጥ ነው፣ ጥያቄው የመጣው ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔ ነው፤ የቦርዱ ድርሻ ማስፈጸምና መቁጠር ነበር። በመቁጠሩ ግን ቦርዱ የሚያስመሰግነውን ሥራ ሠርቷል። በወላይታ ዞን የሕግ ጥሰት መፈጸሙን አጣርቶ የዞኑን ውጤት ሰረዘ፤ ድምፁም ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደገና እንዲሰጥ አደረገ። አሸናፊው አማራጭ እንደማይለወጥ እየታወቀ፣ የሌሎቹ ዞኖች ድምፅ ብቻውን ይበቃል ብሎ ማለፍ በተቻለ ነበር። ዲላ ላይ በቀና መንገድ የተሰጠው ድምፅ ሌላ ቦታ ከተበላሸው ጋር ተደባልቆ እንዳይታይ ያደረገው ይህ እርምጃ ነው።

ወይዘሪት ብርቱካን በዚያው በሰኔ ወር በጤና ምክንያት ከሥራቸው ለመልቀቅ መወሰናቸውን አሳወቁ፤ ኃላፊነታቸውንም ነሐሴ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ለቀቁ። በዚያው ነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ዲላም ከክልሉ ማዕከል ከተሞች አንዷ ሆነች።