ባለቤት የሌለው ክሬም

በሐርጌሳ፣ ከማሕሙድ ሃይቤ ክፍለ ከተማ የሰፈር ሱቆች እስከ መሀል ከተማው ገበያ ድረስ፣ የፊት ክሬምና ሊፕስቲክ ልትገዛ የወጣች ሴት ሁለት ዓይነት ዋጋ ይጠብቃታል። አንዱ በጥቂት ዶላር የሚያልቅ ነው፤ ሌላው የፓሪስ ወይም የኒውዮርክ ስም የታተመበት፣ ደመወዝ የሚያናጋ። ርካሹም ውዱም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በአንድ መንገድ፣ ከዱባይ ተጭኖ በበርበራ ወደብ በኩል ነው። ክፍያው በስልክ ነው፤ ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 ባስጀመረው ዛድ ትንሹም ትልቁም ዕቃ ይከፈልበታል። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ይላል፤ ገዢዋ ዋጋውን አይታ ታምናለች ወይም ትጠራጠራለች። በመርካቶና በቦሌ ያለው ሙግትም ይኸው ነው፦ ርካሹ ይሻላል ወይስ ውዱ?

ይህን ጥያቄ በሥራዋ የመለሰች ሴት ከዚሁ ቀጠና ወጥታለች። ሞዴሏ ኢማን እ.ኤ.አ. በ1955 በሞቃዲሾ ተወለደች። በ1975 ኒውዮርክ ገብታ ለመጀመሪያ ሥራዋ ስትቀመጥ፣ የሜካፕ ባለሙያው የራሷን ፋውንዴሽን ይዛ መጥታ እንደሆነ እንደ ጠየቃት ደጋግማ ተናግራለች። ለነጮቹ ሞዴሎች የተዘጋጀው ሁሉ በእሷ ፊት ላይ አመድ ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ የተለያዩ ቀለሞችን እየቀላቀለች ለራሷ ማዘጋጀት ያዘች። በ1994 በስሟ የመዋቢያ ኩባንያ ስታቋቁም፣ የዓለምን ውድ ፋሽን ስታስተዋውቅ የኖረች ሴት ምርቷን ያቀረበችው ተራዋ ገዢ በምትገባባቸው መደብሮች ነበር። ጥቁር ቆዳ ያላት ነርስ ወይም አስተማሪ ሳሙናና ጥርስ ሳሙና ከምትገዛበት ቦታ የሚስማማትን ፋውንዴሽን አብራ እንድታገኝ ማድረግ ትልቅ ነገር ነው።

አዲስ አበባ የተወለደችው ሞዴል ሊያ ከበደ የሄደችበት መንገድ ከሌላው ጫፍ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ውድ መዋቢያ የሚሸጠው ኤስቴ ላውደር የምርቶቹ መልክ እንድትሆን ሲመርጣት፣ ኩባንያው በ57 ዓመት ታሪኩ ጥቁር ሴት ሲመርጥ የመጀመሪያው ነበር። ከዓመታት በኋላ ያው መልክ በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠውን ሎሬያል ፓሪስን ማስተዋወቅ ጀመረ። ኩራቱ የጋራችን ነው። ገዢን የሚመለከተው ግን ሌላ ነው፤ በውዱና በርካሹ መካከል ያለው ግድግዳ ከውጭ እንደሚታየው ወፍራም አይደለም።

ሎሬያል ውዱን ላንኮምን እ.ኤ.አ. በ1964፣ ርካሹን ሜይብሊንን ደግሞ በ1996 ገዝቶ ሁለቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያስተዳድራል። ኤስቴ ላውደር የክሊኒክም የማክም ባለቤት ነው። ፊት ላይ የሚቀባ ቀለም በአብዛኛው የብረት ኦክሳይድ፣ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ የታልክና የማይካ ቅልቅል ሲሆን፣ እነዚህ ማዕድናት ዋጋው ከፍ ስላለ አይቀየሩም። ተጨማሪው ገንዘብ ለብልቃጡ፣ ለማስታወቂያው፣ ለሽታው፣ ለመደብሩ ኪራይ፣ አንዳንዴም ለቆዳ ልስላሴና ለቆይታ ይከፈላል። ማስካራና የከንፈር እርሳስ ላይ ብዙ ገንዘብ ማውጣት የሚያስቆጭ ነው። ፋውንዴሽን ላይ ግን ለዓመታት ልዩነት ነበር፤ ለጥቁር ቆዳ የሚሆን ቀለም የሚያቀርቡት ጥቂቶች ነበሩና። ዘፋኟ ሪሃና እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ፌንቲ ቢዩቲን በ40 የቆዳ ቀለም አውጥታ፣ አንዱን ጠርሙስ በ34 ዶላር ስትሸጥ፣ ርካሾቹም አምራቾች የቀለም ምርጫቸውን ለማስፋት ተገደዱ። ፌንቲ በ2022 ወደ አፍሪካ ሲገባ ግን በመጀመሪያዎቹ 8 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኬንያ እንጂ ኢትዮጵያም ሶማሊላንድም አልነበሩም። በሐርጌሳም በአዲስ አበባም የፌንቲን ስም ይዞ የተገኘ ብልቃጥ በማን እጅ አልፎ እንደ መጣ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከኪስ ወደ ጤና ይሻገራል። በአፍሪካ ቀንድ ገበያ በጣም የሚያስፈራው ሊፕስቲክ አይደለም፤ ቆዳን "ያቀላል" ተብሎ የሚሸጠው ክሬም ነው። "ቀይ ናት" ማለት ምስጋና ሆኖ በቆየባቸው ቤቶች ይህ ክሬም ገበያ አያጣም። በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ቆዳ ሜላኒን እንዳይሠራ ያግዳል፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ውጤቱም ቶሎ ይታያል፤ አምራች የሚመርጠው ለዚህ ነው። ኩላሊት ይጎዳል፣ በማኅፀን ያለ ልጅ የነርቭ ሥርዓት ላይ ጉዳት ያደርሳል። ክሬሙን ያልተቀባ ሰውም አያመልጥም፤ ትነቱ ቤት ውስጥ ይቀራል፣ እናት ያቀፈችው ሕፃንም ከቆዳዋ ይነካዋል። ከሜርኩሪ ሌላ ሃይድሮኪኖን አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2001 ጀምሮ ቆዳ ማንጫ ምርቶች ውስጥ ከልክሎታል። ሐኪም ብቻ ሊያዘው የሚገባው ክሎቤታሶልም አለ፤ ያለ ቁጥጥር ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ ይሸነትራል።

ይህን በግልጽ ካሳዩት መካከል በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት የሚኖሩ ሶማሌዎች ይገኙበታል። የግዛቲቱ ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ቆዳ ከሚያነጡ ምርቶች 27ቱን ሲመረምር በ11ዱ ሜርኩሪ አገኘ። በዚያው ማኅበረሰብ ውስጥ የምትሠራው አሚራ አዳዌ ቢዩቲዌል የተባለ ድርጅት አቋቁማ እናቶችን ማስተማር ያዘች፤ በ2019 ከ23,000 በላይ ፊርማ አሰባስባ ከአጋሮቿ ጋር ለአማዞን ካቀረበች በኋላ ኩባንያው 15 ሜርኩሪ ያለባቸውን ምርቶች ከገበያው አነሳ። በዚያው ዓመት ሜርኩሪን የሚታገሉ ድርጅቶች ከ12 አገሮች 158 ክሬሞችን ገዝተው ሲያስመረምሩ 96ቱ ከተፈቀደው መጠን በላይ ይዘው ተገኙ። የተፈቀደው ከሚሊዮን 1 ክፍል ብቻ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ላይ ከ130,000 በላይ ተለክቷል። ይህን ቁጥር በሰው ፊት ላይ ማሰብ ያሳምማል።

እንግዲያው ውዱን መግዛት ይሻል ነበር? ዋናው ምርት ከሆነ፣ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ስለሚመረት ሜርኩሪ አይገባበትም፤ ተጠያቂ ባለቤት ያለው ርካሹ ሜይብሊንም እንዲሁ። ስሙን ለብሶ የሚመጣው ሐሰተኛው ግን ከርካሹም የባሰ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት ሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ፣ ከኢንተርኔት ሻጮች የገዛቸው 13 የኧርባን ዲኬይ መዋቢያዎች በሙሉ ሐሰተኛ ሆነው ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት የሎስ አንጀለስ ፖሊስ 700,000 ዶላር የሚገመት ሐሰተኛ ሜካፕ ወርሶ ሲያስመረምር ባክቴሪያና የእንስሳት ዓይነ ምድር አገኘበት። የፖሊስ ላቦራቶሪ ባለበት ከተማ ይህ ከሆነ፣ ምርመራ በሌለበት ገበያ የዋጋ መለያ ለማንም ማስተማመኛ አይሆንም።

በሐርጌሳ ለረጅም ጊዜ ማስተማመኛ የነበረው የሻጩ ፊት ነው፤ የሚታወቅ ሱቅ፣ የሚታወቅ ነጋዴ፣ ዕቃው ቢበላሽ ተመልሶ የሚጠየቅ። ይህ ልማድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2022 ሌሊት ክፉ ጉዳት ደርሶበታል፤ የዋሄን ገበያ በእሳት ሲወድም 2,000 ገደማ ሱቆች ጠፍተው ነጋዴው በየጎዳናው ተበተነ። በሕግ በኩል ደግሞ፣ ሶማሊላንድ እንደ አገር ሰፊ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ስላላገኘች በ2017 ሥራ ላይ የዋለውን የሚናማታ የሜርኩሪ ስምምነት መቀላቀል አልቻለችም። የስምምነቱ አባል አገሮች በ2023 ተሰብስበው ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ እስከ 2025 እንዲቆም ቢወስኑም፣ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የበርበራ ወደብ ወንበር የለውም።

የዕቃው ጉዞ ደግሞ ሐርጌሳ ላይ አያበቃም። በቶጎ ውጫሌ አልፎ ጅግጅጋ፣ ከዚያም ሐረርና ድሬዳዋ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ይደርሳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ኮስሞቲክስን ጨምሮ 38 የዕቃ ዓይነቶች በባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይገቡ ስታግድ ፍላጎቱ አልቀረም፤ ሕጋዊው በር ሲዘጋ ጓሮው ተጨናነቀ። እገዳው በሐምሌ 2024 ቢነሳም፣ የጉምሩክ ኮሚሽን የሚያወጣቸው የኮንትሮባንድ ዝርዝሮች ኮስሞቲክስን ከአልባሳትና ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ይዘው ቀጥለዋል። ዝርዝሩ የሚነግረን የብር ግምቱን ነው። ክሬሙ ውስጥ ምን እንዳለ አይናገርም፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ የሚጠበቅበት ምርት ያለ ምዝገባ ወደ ሰው ፊት ይደርሳል።

ከሁሉም የሚረክሰው ግን ከውጭ የማይመጣው ነው። የሶማሌ ሴቶች ከጎብ ዛፍ ቅጠል የሚፈጩት ቃሲል ከእኛ ቁርቁራ ጋር የሚዛመድ ነው፤ በውስጡ ባለው ሳፖኒን ምክንያት በውኃ ሲበጠበጥ አረፋ ያወጣል፣ ፊትንም ያጸዳል። ከእርድ ጋር ቀላቅለው ይቀቡታል። ከሰናግ ተራሮች የሚለቀመው ዕጣን ዘይቱ ወጥቶ ውድ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። አገር በቀል ሁሉ ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ኩል ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ድንጋይ እርሳስ ያለበት ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ለልጆች ዓይን እንዳይቀባ ያስጠነቅቃል።

ለገዢዋ የሚጠቅመው መለያው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። የይዘቱ ዝርዝር ከብዙው ወደ ጥቂቱ ይደረደራል፤ የተከፈተ ብልቃጥ ሥዕል ላይ 12ኤም ከተጻፈ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ያገለግላል ማለት ነው። ዝርዝር የሌለው፣ አምራቹ የማይታወቅ፣ ካሎሜል ወይም መርኩሪክ የሚል ቃል ያለበት ክሬም ዋጋው ምንም ይሁን ምን መመለስ አለበት። መንግሥታቱ ደግሞ በእጅ የሚያዝ፣ ሜርኩሪን በሰከንዶች የሚለይ የኤክስሬይ መመርመሪያ ሊኖራቸው ይችላል፤ አንዱን በበርበራ፣ አንዱን በቶጎ ውጫሌ ኬላ ማቆም፣ የተያዘውን ክሬም ከመገመት በፊት መመርመር፣ ውጤቱንም በሶማሊኛና በአማርኛ ለሕዝብ ማውጣት ዛሬ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።